ለሹፌሩስ ማን ይነግረዋል?

አርባ ምንጭ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዓይኑን ለፊቱ፣ ጆሮውን ለኋላው አከፋፍሎ ነው ከቤት የሚወጣው። ዓይን ከፊት ሥራ ሞልቶታል፤ ጉድጓድ አለ፣ ተሳፋሪ ካየ በሄደበት ቀጥ የሚል ባጃጅ አለ፣ መሐል አስፋልት ላይ ቆማ የምታመነዥግ ላም አለች። ስለዚህ የኋላው ጉዳይ ተጠቅልሎ ለጆሮ ተሰጥቷል። ጆሮም እስከ ዛሬ አላሳፈረንም። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ ዳገቱን ስንገፋ የሚመጣብንን ዞረን ሳናይ እንለየዋለን፤ የሚንጣጣው ባጃጅ ነው፣ ማርሽ ቀንሶ የሚያቃስተው ሙዝ የጫነ አይሱዙ ነው፣ ገና ሳይደርስ አስፋልቱን የሚያንቀጠቅጠው ሲኖ ትራክ ነው። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ከኋላው ምን እንደሚመጣ አላወቀም አይባልም።

ጆሮ ቢዘናጋ እንኳ ሹፌሩ ራሱ ያስታውሰናል። የኛ አገር ሹፌር ክላክስ የሚያሰማው ሲቆጣ ብቻ አይደለም። አጭር አንዴ ከሆነ «አለሁ» ማለቱ ነው። አጭር ሁለቴ፣ «ላልፍህ ነውና እንዳትወላገድ»። ረዥም አንዴ፣ «ውረድ ከመንገዱ»። ረዥም ሆኖ የማያቋርጥ ከሆነ ወይ ሙሽራ ይዟል ወይ ፍሬን የለውም፤ በሁለቱም ዳር መያዝ ነው። ከውጭ አገር መጥተው እዚህ የሚጋልቡ ሰዎች ይህን ሳያውቁ እንደተሰደቡ ቆጥረው ያኮርፋሉ፤ አንዳንዶቹም በጣታቸው መልስ ይሰጣሉ። ሹፌራችን ደግሞ ሰላምታ መስሎት እጁን ያውለበልብላቸዋል።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ ለመስቀል ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞት የገባው ዕቃ ይህን ሁሉ የጆሮ ሙያ ጡረታ ሊያወጣ የታሰበ ነበር። ለመስቀል አገሩ መግባት የማይመኝ የጋሞ ልጅ የለም፤ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የከረመውም ይገባል፣ ንግድ ላይ ያለውም ሱቁን ዘግቶ ይገባል፤ የኛው ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ገባ። ሻንጣው ተከፍቶ የአክስቴ ጫማ፣ የልጆቹ ቸኮሌት፣ ለጎረቤት የተላከው የስኳር መለኪያ ወጥቶ ሲያልቅ ከካልሲ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ተፈትቶ ወጣ። «ራዳር ነው» አለን። ቤቱ ጭጭ አለ። እኛ ራዳር የምናውቀው አውሮፕላን ማረፊያና ጦር ሰፈር ነው። አክስቴ ተነሥታ መጀመሪያ በሩን ዘጋች፤ ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ጉምሩክ አይቶብሃል?» አለችው።

እየሳቀ አስረዳን። ዕቃው የሚመዝነው 71 ግራም ነው። ከኮርቻው ሥር ይታሰርና ዓይን የማያየው ሞገድ ወደ ኋላ ይለቃል። ሞገዱ ሄዶ መኪና መትቶ ይመለሳል፤ መኪናው እየቀረበ ከሆነ የተመለሰው ሞገድ ድግግሞሽ ከተላከው ከፍ ይላል፤ ዕቃው ከዚህ ልዩነት ፍጥነቱን ያወጣዋል። እስከ 140 ሜትር ድረስ ያያል። መሪው ላይ በታሰረች ትንሽ ስክሪን ወይም በስልክ ላይ መኪናው ነጥብ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ጢ ይላል። ማንም ከሌለ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፤ የሚመጣ ካለ ቢጫ ይሆናል፤ የሚመጣው የሚበር ከሆነ ይቀላል። አክስቴ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ጀርባህን የሚጠብቅልህ መልአክ አነሰህና ነው ይኼን የገዛኸው?» አለች።

«መልአኩ ጢ አይልም፣ እማዬ» አላት።

የፈረንጅ ትርፍ ነገር ነው ብዬ ልንቀው ስዘጋጅ ሌላ ጣጣ መጣ። ዕቃው ለካ የተወለደው እዚሁ አህጉራችን ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስቴለንቦሽ በምትባል ከተማ አይኩቡ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ትልቁ ጋርሚን ኩባንያውን ገዛና በዚያው ዓመት «ቫሪያ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ብራይተን አለ፣ ዋሁ አለ፣ ከቻይናም ማጂን አለ። አፍሪካዊው ዕቃ በአሜሪካ ዞሮ ዲያስፖራ ሆኖ ነው አርባ ምንጭ የገባው። ይህን ካወቅሁ በኋላ መናቁን ትቼ ልፈትነው ተነሣሁ።

ጠዋት ከሲቀላ ወጣን፤ እሱ በተዋሰው ብስክሌት፣ እኔ በራሴ። የኩልፎን ድልድይ ተሻግረን የዩኒቨርሲቲውን በር እስክናልፍ ድረስ ዕቃው ዝም ያለበት ጊዜ የለም። ጢ፣ ጢ፣ ጢ። ባጃጅ፣ ሞተር፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ። ስክሪኑ ላይ ነጥቡ ከነጥብ እየተላተመ ይወጣል። የመንገዱ ዳር ሰው ሁሉ ስልክ እየጠራን የማናነሣ መስሎት ያየናል። በዚህ መሐል አንድ የባጃጅ ሹፌር ነገሩ ገረመውና ፍጥነቱን ከኛ ጋር አስተካክሎ ከኋላችን ተለጠፈ። «ምንድነው እሱ? ስንት ገዛኸው? ለባጃጅ ይሆናል?» እያለ ይጠይቃል። ይህን ጊዜ ስክሪኑን ባይ አረንጓዴ ነው፤ ከኋላ ማንም የለም ይላል። የአክስቴ ልጅ ሳያፍር አስረዳኝ፦ ራዳሩ የሚያየው በፍጥነት የሚለየንን ነገር ነው፤ ከኛ እኩል የሚሄድ መኪና እንደቆመ ስለሚቆጠር ከስክሪኑ ይጠፋል። ሰውዬው ግን አልጠፋም፤ ዋጋው እስኪነገረው ድረስ አጀበን።

ከተማው አልቆ የጫኖ የሙዝ እርሻ በግራና በቀኝ ሲጀምር ዕቃው ልብ ገዛ። መንገዱ ረዘመ፣ መኪናው ቀነሰ፣ ጢ ሲል ትርጉም ያለው ሆነ። እዚህ ላይ ሒሳብ ሠራን። እኛ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን፤ የጭነት መኪናው በ80 ይመጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየቀረበን ነው ማለት ነው፤ 140 ሜትሩን ለመጨረስ ከ8 ሰከንድ ብዙም አይወስድበትም። 8 ሰከንድ ጥሩ ጊዜ ነው፤ አባታችን ሆይ እስከ እንጀራችን ይደረስበታል። ጥያቄው በነዚያ 8 ሰከንዶች የት ይኬዳል ነው። በእሱ አገር ጢ ሲል ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ይጠጋሉ። በኛ መንገድ ጠርዙ ባለቤት አለው። የሙዝ ግንድ ተደርድሮ ነጋዴ ይጠብቅበታል፤ የከሰል ጆንያ ይቆምበታል፤ ፍየል ይታሰርበታል፤ ሁለት አዛውንት ቁጭ ብለው የዘንድሮን ዝናብ ይገመግሙበታል። ጠርዙ ባዶ በሆነበት ቦታ ደግሞ ዝናቡ አስፋልቱን ከሥሩ በልቶት አንድ ክንድ ወደ ታች ይወርዳል። ሲኖው ከኋላ መምጣቱን አውቄያለሁ፤ ስክሪኔም ቀልቷል፤ መሄጃ ግን የለኝም። ያለ ራዳር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እነዚያን 8 ሰከንዶች በደስታ እኖራቸው ነበር።

ወደ ዶርዜ የወጣነው ሌላ ቀን ነው። ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብስክሌት እዚያ ላይ የሚሄደው ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ነው። ልጆቹ ከየመታጠፊያው እየዘለሉ ወጡ፤ ይጨፍራሉ፣ በእጃቸው ይሄዳሉ፣ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይጠይቃሉ። አንዱ እስከ ቀጣዩ መታጠፊያ ድረስ ከኋላዬ ሮጦ ኮርቻዬን ይዞ ገፋልኝ። ራዳሩ ስለዚህ ሁሉ ትንፍሽ አላለም። ስንወርድ ደግሞ ከኛ የሚፈጥን መኪና ስላልነበረ ጭራሽ ሥራ ፈታ፤ ፍየሏ የወጣችው ከፊት ነው።

የአክስቴን ልጅ አላማውም። እሱ በሚነዳበት አገር ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቶ፣ አየር ከፍቶ፣ ክላክስ ሳይነካ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ አድርጎ ነው የሚመጣው። መንገዱ ጸጥ ያለ፣ ጠርዙ ሰፊ፣ የሚያልፈውም መኪና አልፎ አልፎ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ፣ ጎን ለጎን የሚጋልቡ ጓደኛሞች ጨዋታቸውን አቁመው በአንድ መስመር እንዲገቡ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ራዳሩ ጢ የሚለው ለኔ ነው። እኔ ደግሞ ባይነግረኝም አውቅ ነበር፤ ከነስሙ፣ ከነጭነቱ። ለሹፌሩስ ማን ይነግረዋል? ሊገጨኝ የሚችለው እሱ፣ የሚያስጠነቅቁት እኔን። እንደ እውነቱ ከሆነ ከዚያ ዕቃ ላይ የወደድኩት ራዳሩን አይደለም፤ አብሮት የተሠራውን ቀይ መብራት ነው። በቀን ከ1.6 ኪሎ ሜትር ይታያል ብለው ሠሪዎቹ ጽፈውበታል። ከዕቃው ውስጥ ሹፌሩን የሚያናግር እሱ ብቻ ነው።

ለሚመጣ ሰው ምልክት መስጠት እኛ ጋ አዲስ ነገር አይደለም። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ መጀመሪያ የሚፈልገው መፍቻ ሳይሆን ቅጠል ነው። ከመኪናው ኋላ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቅርንጫፍ ይጎዘጉዛል፤ በኛ በኩል የሙዝ ቅጠልም ይሆናል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጭንበታል። ሌላው ዓለም ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ አንጸባራቂ የሚያቆምበትን ጉዳይ እኛ በቅጠል ጨርሰነዋል። ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረውም። ቅጠሉ ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው ማታ አያበራም። ሁለተኛው፣ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ ያን ድንጋይ ደግሞ ማታ የሚያገኘው ብስክሌተኛ ነው።

ጋሞ ውስጥ ምልክት ከዚህም በላይ ሠርቷል። መስከረም 2011 ላይ በቡራዩ የደረሰው ግድያ ተሰምቶ የአርባ ምንጭ ወጣት ደሙ ፈልቶ ሲወጣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን የያዙት ለሚመጣው እንዲታይ ነው። ቤታቸው ተቀምጠው ወጣቱ ስንት ሜትር እንደቀረበ ሲቆጥሩ ቢውሉ ኖሮ ያን ቀን ማን ይመልሰው ነበር? ሲኖ ትራክ ሣር ባያከብርም ቀይ መብራት ያያል፤ ቢያንስ ሹፌሩ ያያል።

ስለዚህ ወደ መብራት ገበያ ገባሁ። ሲቀላ ውስጥ ጥላ ሥር የሚሠሩ አንድ ብስክሌት ሠሪ አሉ፤ የኔን ብስክሌት ከኔ በላይ ያውቋታል። መብራት ልገዛ ነው ስላቸው ሥራቸውን አቁመው ተነሡ፤ «ብቻህን ከሄድክ ፋኖስ ሸጠውልህ ይመልሱሃል» አሉኝ። አብረን ሄድን።

የመብራት ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ነገር እግዜር ያሳያችሁ። አንዷ በአውራ ጣት ልክ የሆነች መብራት 10,000 ሉመን ትሰጣለች ይላል ካርቶኗ። ሉመን የብርሃኑ ብዛት መለኪያ ነው፤ በከተማ ውስጥ ለመታየት ከፊት መቶም ይበቃል፤ የመንገድ መብራት በሌለበት የጫኖ መንገድ ጉድጓዱን አስቀድሞ ለማየት ከ300 እስከ 500 ያስፈልጋል። እውነተኛ 10,000 ሉመን የምትሰጥ መብራት በአውራ ጣት ልክ አትሆንም። ባትሪውም እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለችው 18650 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት፤ የዚህች ዓይነት ባትሪ ምርጧ ከ3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብዙም አታልፍም። ጀርባዋ ላይ ግን 9,800 ተብሎ ተጽፏል። ብስክሌት ሠሪው ባትሪዋን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ይኼ የተጻፈው ክብደቷ ሳይሆን ምኞቷ ነው» ብለው መለሱለት። ባለ ሱቁም አልተከራከረም፤ ከሥር ሌላ ካርቶን አወጣ።

እሳቸው ራሳቸው በልባቸው የዲናሞ ሰው ናቸው። በድሮው ፎኒክስ ላይ የነበረውን፣ ከጎማው ጎን እየተፋተገ የሚያመነጨውን፣ 6 ቮልት 3 ዋት። ቻርጅ አይፈልግ፣ መብራት ኃይል አይጠብቅ፣ ሌባም አይመኘው። ግን እሱም የራሱ ዓመል አለው፤ የሚያበራው በፍጥነትህ ልክ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስትወጣ፣ አውቶቡሱ ከኋላህ እያቃሰተ ሲመጣና በጣም መታየት ሲኖርብህ፣ ዲናሞው ትንፋሽ አጥሮት ይደበዝዛል። ቆም ካልክማ ጭራሽ ይጠፋል። ከሴቻ ስትወርድ፣ ማንም የማይደርስብህ ጊዜ፣ ሠፈሩን ሁሉ ቀን ያደርገዋል። ይህን ስላቸው ቅር አላቸው፤ «አንተ ቀስ ብለህ ስለምትወጣ ነው» አሉኝ።

ቀጥሎ ክርክሩ ብልጭ ድርግም የሚለው ይሻላል ወይስ ሳያቋርጥ የሚበራው የሚል ሆነ። ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይን ይስባል፤ በተለይ በቀን። ማታ ላይ ግን ሹፌሩ ርቀትህን ለመገመት ይቸገራል፤ በሁለት ብልጭታ መካከል የት እንዳለህ አያውቅም። ጀርመኖችም በብስክሌት ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትን በሕግ ከልክለዋል። በአርባ ምንጭ ደግሞ ጀርመኖች ያላሰቡት ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም ባጃጅ ነው። የኛ ባጃጆች ማታ ከኋላ ሰማያዊ፣ ከጎን አረንጓዴ፣ ከፊት ቀይ እያበሩ ነው የሚሄዱት፤ ሁሉም ይብለጨለጫል። በዚህ ሠርግ መሐል አንዲት ብልጭ የምትል ቀይ ነጥብ ማን ቁም ነገር ብሎ ያያታል? ጸጥ ብላ ሳታቋርጥ የምትበራው ናት ለየት የምትለው። ሌላው ጉድ አንድ ዓይኑ የጠፋበት የጭነት መኪና ነው። ከሩቅ ሲመጣ ሞተር ይመስላል፤ ቦታ ለቅቄለታለሁ ብለህ ስትጠብቅ ከነስፖንዳው ይደርሳል። ለሱ መድኃኒት የለውም፤ አንድ መብራት ባየህ ቁጥር ግማሹ እንዳልታየህ ማሰብ ነው።

በቀንም ማብራት እንደሚጠቅም ዴንማርኮች ሞክረውታል። ኦዴንሴ በምትባል ከተማቸው እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 በተደረገ ጥናት 3,845 ብስክሌተኞች ተሳትፈው ነበር፤ ቀንም ማታም የማይጠፋ መብራት የተገጠመላቸው ሰዎች ጉዳት ያደረሰባቸው አደጋ መብራቱ ካልተሰጣቸው ሰዎች በ19 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መብራቱ በማግኔት የሚሠራ ነው፤ ባትሪ የለውም። ይህን ለብስክሌት ሠሪው ሳወራቸው ከዚህ ሁሉ የሰሙት የመጨረሻዋን ብቻ ነው፤ «ባትሪ የለውም? አላልኩህም፣ ዲናሞ ነው!» አሉ።

የኋላ መብራት ስንመርጥ ሁላችንም የምንረሳው ፖርቶ መጋላውን ነው። ፈረንጁ መብራቱን ከኮርቻው ሥር ያስራል፤ ከኋላው ባዶ ነውና። እኛ ከኋላ የሙዝ ግንድ እንጭናለን፣ ጀሪካን እንጭናለን፣ ለላም ሣር እንጭናለን፣ የአክስት ልጅም እንጭናለን። መቶ ሉመን የምትሰጥ ቀይ መብራት ገዝቶ ለሙዝ ሲያበራ የሚያመሽ ስንት ሰው አለ! ብስክሌት ሠሪው ለዚህ ያላቸው መላ የፖርቶ መጋላው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ፣ ከጭነቱ በታች በብረት ቆንጥጦ ማሰር ነው። የፊቱን ደግሞ አንገቱን ወደ አስፋልቱ ይሰብሩታል፤ ቀጥ ብሎ የሹፌሩን ዓይን የሚወጋ መብራት ሹፌሩን አሳውሮ ብስክሌተኛውን ያስገጫል። ይህን ነገር ባለ ሱቁ አይነግርህም፤ የሱ ሥራ ብርሃኑን መሸጥ እንጂ አቅጣጫውን ማስያዝ አይደለም።

ልብስም ከመብራት ይቆጠራል። እኛ ዱንጉዛ ያለን ሰዎች ነን፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሩ በቀን ከሩቅ ይጣራል፤ ዛሬ የመንገድ ሠራተኛ የሚለብሰውን ሰደርያ ሸማኔዎቻችን ቀድመው ሠርተውታል ብል ማጋነን አይሆንም። ማታ ግን ቀለም አያድንም። ማታ የሚያድነው የመኪናውን ብርሃን መልሶ ለሹፌሩ የሚልከው አንጸባራቂ ጨርቅ ነው፤ እሱንም ከጀርባ ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰር ይሻላል። እግር ፔዳል ሲመታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሹፌሩ ያንን ሲያይ ሰው መሆኑን ወዲያው ይለያል። የዶርዜ ጋቢስ? ነጭ ስለሆነ ከጥቁር ካፖርት በብዙ ይሻላል። ብቻ ጫፉ ካቴናው ውስጥ ከገባ ሲኖው እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም።

መቼ ይብራ የሚለው ላይ ከብስክሌት ሠሪው ጋር ያለ ክርክር ተስማማን። አርባ ምንጭ ፀሐይዋ የምትገባው ወደ ምዕራብ፣ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ነው። ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ የተራራው ጥላ ከተማው ላይ ይወድቃል፤ እኛ ገና ቀን ነው እንላለን፣ ከዓባያ በኩል ለሚመጣው ሹፌር ግን መንገዱ ጨልሟል። ከዚያ በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ደግሞ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍ፤ በዚያችው ሰዓት ሠራተኛ ይወጣል፣ ከብት ይገባል፣ ሙዝ የጫነው መኪና ወደ አዲስ አበባ ይነሣል። መብራቱ መብራት ያለበት ጥላው ሲወድቅ ነው፤ ጨለማው ሲመጣማ ማን ይረሳል።

የገዛሁት በመጨረሻ ቀላል ነው፦ አንድ ሳያቋርጥ የሚበራ ቀይ ለኋላ፣ አንድ መጠነኛ ነጭ ለፊት፣ ሁለት አንጸባራቂ ለእግር። ራዳሩን ለአሜሪካ ትቼ በዚሁ በቃኝ ልል ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪናው ባይመጣ።

በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ እንደሚከለክል ካስታወቀ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ እየበዙ ነው፤ ወደኛም ደርሰዋል። ዝም ብለው ነው የሚመጡት። አይንጣጡም፣ አያቃስቱም፣ አስፋልት አያንቀጠቅጡም። የመጀመሪያዋ በጎኔ ሽው ስትል መንፈስ መስላኝ ነበር። አውሮፓውያን ነገሩ ስላሰጋቸው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲሶቹ ሞዴሎች በዝግታ ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድደዋል፤ ግዴታው ግን እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ የጎማው ድምፅ ይበቃል ብለው። የጎማው ድምፅ ይበቃል ያሉት ከኋላው አይሱዙ፣ ከጎኑ ባጃጅ፣ ከፊቱ የካሴት ሱቅ በሌለበት መንገድ ላይ ሆነው ነው። ጆሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያመነታ ታዘብኩት። የሚያሳዝነው ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ሹፌሮች ከመኪናቸው ጋር ጨዋ ይሆናሉ መሰለኝ፣ ክላክስም ቀንሰዋል።

ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ከመሄዱ በፊት ዋጋውን ጠየቅሁት። አዲሱ ሲወጣ 200 ዶላር ገደማ ነበር አለኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 200 ዶላር ስንት እንደሚመጣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቤት ያስላው፤ እኔ አስልቼው ከብስክሌቴ ዋጋ በለጠብኝ። ምክር ፍለጋ ወደ ብስክሌት ሠሪው ጥላ ሥር ተመልሼ ዋጋውን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይኼን ራዳር ብገዛው ምን ይሉኛል? ኤሌክትሪኮቹ ድምፅ የላቸውም።»

ከጎማው ላይ ቀና ሳይሉ፣ «ከብስክሌትህ ይበልጣል አላልክም?» አሉኝ።

«ይበልጣል።»

«እንግዲያው ብስክሌቷን ለኔ ሽጥልኝና በላዩ ጨምረህ ራዳሩን ግዛ። በእግርህ እየሄድክ፣ እኔ ከኋላህ በብስክሌትህ ስመጣ ጢ ይልልሃል።»